የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ መግባባት

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ አጥቢያዎች በአንዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ የተደረገ አንድ ስብሰባ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። የአጥቢያው የልማት ኮሚቴ ለነዳያንና ለአረጋውያን የሚያገለግል የገላ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ቤት አሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ ተቃጥሎ ቤቱ ከተዘጋ ወራት ተቆጥረዋል። ነገሩን በዓይናቸው ለማየት ሁለት እንግዶች መጡ፤ አንዲቱ ከሰሜን አውሮፓ፣ ሁለተኛው ከህንድ የመጣ የውኃ መሐንዲስ። በአስተርጓሚነት የተመደበው እንግሊዝኛው የሚያኮራ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ነው። ሰብሳቢው ተናገሩ፣ ጸሐፊው ሪፖርት አሰሙ፣ ወጣቱም አሳምሮ ተረጎመ። የፓምፑን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ሌሊት እየተነሡ በርሜል የሚሞሉት አንድ ካህን አባት ግን ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ስብሰባው አለቀ።

በመካከሉ ወጣቱ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሳለ መሐንዲሱ «ፓምፑ እስካሁን አልተጠገነም?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ አቀረበ። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ይሰማሉና ጥያቄው ገብቷቸው «የስ» አሉ። መሐንዲሱም በማስታወሻው ላይ «ተጠግኗል» ብሎ ጻፈ። እኛም በቦታው ነበርን፤ የተጻፈውን ያየነው ግን ዘግይተን ነው።

ከቡና በኋላ እኚያ አባት የመሐንዲሱን እጅ ይዘው ወደ ፓምፑ ቤት ወሰዱት። የተናገሩት እንግሊዝኛ ቢቆጠር ሃያ ቃል አይሞላም፦ «ዋተር ከም፣ ናይት ኦንሊ። ዴይ፣ ኖ ዋተር። ፓምፕ ወርክ፣ ኖ ዋተር፣ ሆት፣ ፊኒሽ።» ሞተሩ እንዴት እንደሚዞርና እንደሚግል በእጃቸው አሳዩት። መሐንዲሱም በአገሩ የአነጋገር ቃና፣ ቃላቱን እየነጣጠለ «ናይት፣ ሃው መኒ አወርስ?» ሲል ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ጣቶቻቸውን ዘርግተው መለሱለት። ኮሚቴው በማመልከቻው የጠየቀው የበለጠ ጉልበት ያለው አዲስ ፓምፕ ነበር። አዲሱም ፓምፕ መስመሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት እየተነሣ እንደ ፊተኛው መቃጠሉ አይቀርም። የሚያስፈልገው ሌሊት የሚመጣውን ውኃ የሚያጠራቅም ትልቅ ሮቶና ውኃ ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መሆኑ የታወቀው በዚያች አጭር ንግግር ነው።

ይህን የምንጽፈው ጸሐፊውን ወይም ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። በየአጥቢያው ስንዘዋወር የምናየው አንድ ልማድ ስላለ ነው። የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ ነገሩን የሚያውቀው ሰው ግን እንግሊዝኛ አይችልም ተብሎ ዝም ይላል ወይም ዝም ይሰኛል። እንግሊዝኛ የሚችለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩን አያውቀውም። በሁለቱ መካከል የገንዘብም የድካምም ኪሳራ ይደርሳል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በዚህ ቋንቋ እርስ በርሳቸው የሚግባቡት እንዴት እንደሆነ፣ መግባባቱስ የሚሰናከለው የት ላይ እንደሆነ ለኮሚቴዎችና ለካህናት አባቶቻችን ማስረዳት መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው፣ በዚያ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። የአውሮፓዪቱ እንግዳም፣ መሐንዲሱም፣ የእኛም ሰዎች ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተቀበሉት ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ በእንግሊዝኛ ከሚነጋገሩት ሰዎች የሚበዙት እንደዚህ ያሉ ናቸው። የቋንቋ ምሁራን ይህን ዓይነቱን አነጋገር «ሊንጓ ፍራንካ» ይሉታል፤ ስሙ በቀደመው ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነጋዴዎችና መርከበኞች ይነጋገሩበት ከነበረው ቅይጥ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ግዕዝ ማንም ከእናቱ ጡት ጋር የማይጠባው ቋንቋ ከሆነ ብዙ ምዕት ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም የጎጃሙ የቅኔ መምህርና የትግራዩ የዜማ ሊቅ የተገናኙበት ድልድይ እርሱ ነው። ከግብፅ ይመጡ የነበሩት ጳጳሳትም፣ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ፣ ሕዝባቸውን ያነጋግሩ የነበረው በአብዛኛው በአስተርጓሚ ነው።

እንግሊዝኛ ወደ አገራችን የገባበትም መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ከውጭ ቋንቋዎች የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ሲሆኑ፣ ዶክተር ማት ራሳቸው የአፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚያም በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመደቡት ህንዳውያን መምህራን ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ከኬረላ የመጡ፣ በቤታቸው ማላያላም የሚናገሩ፣ ጥቂት የማይባሉትም የእኅት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) በመምህርነት መጥተው አማርኛም የተማሩት፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የሆኑት ፖል ቨርጊስ ናቸው፤ የኋላ ኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብለው በመንበረ ጵጵስና ተቀምጠዋል። እንግዲህ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶቻችን «የተማርነው እንግሊዝኛ የእንግሊዝ አይደለም» ብለው ቢቀልዱ እውነት አላቸው። እንዲያው ስናስበው፣ በዚያ አጥቢያ መሐንዲሱና ካህኑ ቶሎ መግባባታቸው ከዚህ የመጣ ይሆን እንላለን፤ የህንድ የአነጋገር ቃና ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ሆኖ አያውቅም።

ኮልፌም ራሷ የዚህ ታሪክ አካል ናት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የወታደራዊ ሥልጠና የተቀበሉት በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። የእርሳቸው አፍ መፍቻ ኮሳ ነው፤ ያሠለጠኗቸው ኢትዮጵያውያን መኮንኖች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት ከትምህርቱ መካከል የፈንጂ አሠራር ይገኝበታል። በዚህ ዓይነቱ ትምህርት «ገባኝ» ብሎ ማለፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምት። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ከአገራቸው ጥሪ ስለ ደረሳቸው ሳይፈጸም ቀርቷል።

ከኮልፌ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ በዘነበወርቅ የሚገኘው የአለርት ማዕከል አለ። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ከቀድሞው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ የሥጋ ደዌ ሕክምናን ለመላው አፍሪካ እንዲያስተምር ታስቦ ነው። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞች ያስተምሩ ነበር፤ ከብዙ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ይማሩ ነበር፤ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ጥረት የተመሠረተው የምርምር ተቋም የሥጋ ደዌን ተህዋስ ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም በአርማወር ሃንሰን ስም ይጠራል። የታማሚው ቃል ከኦሮምኛ ወይም ከጉራጊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም በሐኪሙ ልብ ውስጥ ወደ ራሱ ቋንቋ ይሻገራል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ነገር ሊወድቅ ይችላል።

በቤተ ክርስቲያንም ደረጃ ትልቁ ምሳሌ በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ነው። የቅብጥ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የህንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሲገናኙ፣ ከአምስቱ የአንዳቸውም የቅዳሴ ጥንተ ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም። የጉባኤው መዝገብ ግን ታትሞ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባሉ እንግሊዛዊት የቋንቋ ምሁር የተለያየ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያሰናክለው የትኛው የድምፅ ስሕተት እንደሆነ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 መጽሐፍ አሳትመዋል። ውጤቱ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ከተገሠጽንበት ነገር የተለየ ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረውን ድምፅ «ስ» ወይም «ዝ» ወይም «ት» ማለት ሰሚውን እምብዛም አያደናግርም። «ስፖርት» ለማለት «እስፖርት» ማለትም አያስቸግርም፤ በተነባቢዎች መካከል እንደ እኛ ትንሽ አናባቢ መጨመር ከተነባቢው አንዱን ከመዋጥ የተሻለ ነው። የሚያስቸግረው የአናባቢ ርዝመትን መሳት ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ይለያል እንጂ በአናባቢ ርዝመት አይለይም፤ ስለዚህ «እንኖራለን» እና «እንለቃለን» የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች በእኛ ፊደል ሁለቱም «ሊቭ» ተብለው ይጻፋሉ፤ በአፋችንም አንድ ይሆናሉ። የመኖሪያ ቤታቸው ጉዳይ የሚያሳስባቸው ሰዎች «ዊ ሊቭ ሂር» ሲሉ እንግዳው የትኛውን ይስማ? በግና መርከብም እንዲሁ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ እርሱ እንኳ የበግ ማድለቢያ ለመጎብኘት የመጣ ሰው መርከብ አይጠብቅምና ችግር የለውም። መፍትሔው አፍን ማሠቃየት ሳይሆን ሌላ ቃል መጨመር ነው፦ «እዚህ ነው ቤታችን፣ አንሄድም» የሚል ሐረግ ቢከተል ጥርጣሬው ይወገዳል።

ከድምፅ ሁሉ ይልቅ ዋጋ የሚያስከፍሉት ግን ቁጥሮችና አሉታዎች ናቸው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» በሩቁ አይለዩም። አሥራ አምስት ኩንታል በቆሎና ሃምሳ ኩንታል በቆሎ ግን በመጋዘን ውስጥ ይለያያሉ። «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዜሮ» እያሉ አኃዝ በአኃዝ መናገርና በሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የአውሮፕላን አብራሪዎችም በሬዲዮ አኃዙን አንድ በአንድ ነው የሚጠሩት። «ካን» እና «ካንት» ደግሞ መጨረሻቸው ሲዋጥ እንችላለንና አንችልም አንድ ይሆናሉ፤ ሁልጊዜ «ካን ኖት» ብሎ ለያይቶ መናገር ይበጃል።

አጽንዖትም ሌላው ነገር ነው። እንግሊዝኛ የሚፈለገውን ቃል በድምፅ ከፍ አድርጎ ያጎላል። እኛ «የጠየቅነው አምስት ነው» ብለን የዓረፍተ ነገሩን አሠራር እንለውጣለን እንጂ ድምፃችንን አናነሣም። አንድ ኮሚቴ ይህንኑ የአማርኛ አሠራር ይዞ «ኢት ኢዝ ፋይቭ ዊ አስክድ» ቢል ሰሚው ያለ ምንም ችግር ይረዳዋል፤ መምህር ቀይ እስክሪብቶ ያነሣበት ይሆናል እንጂ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ዛይድልሆፈር የመሩት ቡድን ከብዙ አገር ሰዎች ንግግር የሰበሰበው አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ያለው መዝገብ አለ። ከዚህ መስክ ጥናት እንደ ታየው፣ ለሦስተኛ መደብ ግሥ መጨረሻ የሚጨመረውን «ስ» መተውና የመሳሰሉት መምህራን ብዙ የሚደክሙባቸው ስሕተቶች መግባባትን ሲያፈርሱ አይገኙም። የሚያፈርሰው አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ፈሊጥ ነው። ለዚህም ነው በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የማይሰማው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነው ሰው የሚሆነው፤ ፈጥኖ ይናገራል፣ በተረት ይናገራል፣ ቃል ይውጣል። በእኛም በኩል «እንጨት እንጨት አለን» ወይም «ሆድና ጀርባ ሆንን» የሚለውን ቃል በቃል መተርጎም ያው ነው።

ታዲያ የማይችሉ ሰዎች እንዴት ይግባባሉ? አንድ አገባብ ማስተዋል ነው። አላን ፈርዝ የተባሉ ተመራማሪ የዴንማርክ ላኪዎች ከውጭ አገር ደንበኞቻቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ የቀረጹትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 ጽፈዋል። ሰዎቹ ያልገባቸውን ቃል ሁሉ እያስቆሙ አይጠይቁም፤ በኋላ ይገለጥ ይሆናል ብለው ያልፉታል። አንዱ ደንበኛ አይቡ በጉምሩክ «ብሎዊንግ» ሆነ ሲል ሻጩ እንደ ገባው ሆኖ አለፈ። ቃሉ ለውሳኔው አስፈላጊ መሆኑ ሲታወቀው ግን ተመልሶ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ መበላሸቱን ለመናገር ኖሯል። እኛ ከዚህ የምንይዘው፣ ማለፍ መልካም የሚሆንበትና ነውር የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ነው። ሰላምታና ወግ ይታለፍ። ቁጥር፣ ቀን፣ ገንዘብ፣ የዕቃ ዓይነት፣ የማን ኃላፊነት እንደሆነ የሚናገር ቃል ግን ሳይገባን ሊያልፈን አይገባም። አገራችን ታላቅን ወይም እንግዳን ማስደገም ድፍረት አድርጋ የምትቆጥር ናትና በዚህ ነገር ከሌሎች ይልቅ እንጎዳለን።

ጸሐፊው «የስ» ያሉበትን ነገር እንመልከት። በአማርኛ «አልተጠገነም?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ማለት የጠያቂውን ቃል ማጽናት ነው፤ አዎ፣ እንዳልከው አልተጠገነም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» የሚያጸናው ጥያቄውን ሳይሆን ድርጊቱን ነው፤ ተጠግኗል ማለት ይሆናል። ስለዚህ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ ከቶ አለመመለስ፣ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መናገር ነው የሚያዋጣው። የሚገርመው፣ ህንዳውያንም በየቋንቋቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ ነው የሚመልሱት፤ መሐንዲሱ ግን የእንግሊዝኛውን ሕግ ጠብቆ ጻፈ።

«እሺ» የሚለውም ቃላችን እንዲሁ ነው። እሺ ማለት ሰማሁ፣ አከበርሁ፣ እንግዳ አላሳፍርም ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ኦኬ» ተብሎ ሲተረጎም ግን ውል ይሆናል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ አዎ ማለታችንን ብዙ የውጭ ሰዎች እንደ ድንጋጤ ይቆጥሩታል። ለኖርዌይና ለስዊድን ሰዎች ግን አያስገርማቸውም፤ እነርሱም በአገራቸው እንዲሁ ትንፋሽ እየሳቡ አዎንታቸውን ይገልጣሉ። በአለርት ግቢ የነበሩት ስካንዲናቪያውያን በዚህ በኩል ከሌሎቹ ይልቅ ሳይቀናቸው አልቀረም።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁላችንም ተጎድተንበታል። ሦስት ሰዓት ላይ ብለን የጻፍነውን እንግዳው ከቀትር በኋላ ብሎ ያነበዋል፤ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በእናንተ ዘጠኝ» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ነው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ የዓመቱ ቁጥር ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት እንደሚያንስ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሳንጽፍ የላክን እንደሆነ የዘንድሮው ሥራችን የዛሬ ሰባት ዓመት የተሠራ መስሎ ይታያል።

የቤተ ክርስቲያናችን ቃላት ግን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። እንግዳ ተጋብዞ «ቱዴይ ኢዝ ፋስቲንግ» ተብሎ ሲነገረው ምግብ የለም ብሎ ያስባል፤ ቀጥሎ ሽሮና ጎመን ሲቀርብለት ግራ ይጋባል። ለእኛ የጾም ምግብ የሚባል ነገር አለ፤ ለእርሱ ጾምና ምግብ አይገናኙም። «ሥጋና ወተት አንበላም፣ ይህ ግን ይበላል» ቢባል ነገሩ አለቀ። ደብር፣ ገዳም፣ አጥቢያ፣ ሰበካ ጉባኤ፣ ጽዋ ማኅበር፣ ዕድር የሚሉትን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተካት ከመድከም፣ ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ አንድ ጊዜ በሁለት መስመር ማስረዳትና ከዚያ በኋላ በራሱ ስም መጥራት ይሻላል። እንግዶች ሦስት አራት የአማርኛ ቃል መማር ይወዳሉ እንጂ አይከፉም። ስሞቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ወልደ ሚካኤል አንድ ስም መሆኑ፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑ ቀድሞ ካልተነገረ በባንክ ወረቀትና በመታወቂያ ላይ ያለው ስም ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ።

አንድ ቃል ለይተን ልናነሣ እንወዳለን። በዘነበወርቅ አካባቢ የሚያገለግሉ ኮሚቴዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አንሥተው «ሌፐር» የሚለውን በማመልከቻ ይጽፉታል። በቅንነት ነው። ዛሬ ግን ቃሉ እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበላቸው መመሪያዎች አዋራጅ አጠራሩ ከመንግሥታት ጽሑፎች እንዲወጣ ይጠይቃሉ። በአማርኛ ያንን አሮጌ የስድብ ቃል ትተን በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች እንደምንለው፣ በእንግሊዝኛም ሰውዬውን አስቀድሞ በሽታውን አስከትሎ መጻፍ ይገባል። ሰዋስው ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ ይህ ግን ሰውን ያቆስላል።

ስለ አስተርጓሚዎች ደግሞ፣ ወጣቶቻችን በዚህ አገልግሎት ሊመሰገኑ ይገባል። የምንለምናቸው ነገር ቢኖር፣ ባለጉዳዩ የተናገሩትን ራሳቸው አሳጥረውና አሳምረው እንዳያቀርቡ ነው። ካህኑ «ሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው» ያሉት «የውኃ አቅርቦት ችግር አለ» ተብሎ ቢተረጎም ንግግሩ ያምራል፣ ዋናው ነገር ግን ጠፍቷል። ሰብሳቢዎችም ነገሩን የሚያውቀው ሰው ከእንግዳው አጠገብ እንዲቀመጥ፣ አስቀድሞም በሚችለው እንግሊዝኛ እንዲሞክር ዕድል ይስጡት፤ አስተርጓሚው ሲቸግር ይግባ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አሥር ያህል የሥራ ቃላትን፣ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ ጥልቀት፣ ደረሰኝ የመሰሉትን፣ ከነእንግሊዝኛቸው በወረቀት ጽፎ በእጅ መያዝ ያግዛል። የፓምፑ ቤት ቅርብ ከሆነ ስብሰባው እዚያው ቢደረግ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የሚጠቆም ነገር ባለበት ቦታ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንቱና አንተ በእንግሊዝኛ አለመለየታቸው የሚያስጨንቃቸው ወጣቶች አጋጥመውናል፤ አክብሮቱን «አባ» ብለው ከፊት ቢያስቀምጡት ይበቃል፤ እንግዶችም ቶሎ ይለምዱታል።

ከመለያየት በፊት ቃለ ጉባኤውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ እያንዳንዱንም ቁጥርና ቀን እንግዳው በራሱ አፍ እንዲደግመው መጠየቅ በዚያ አጥቢያ አሁን ልማድ ሆኗል። ከሁለት ወር በኋላ መሐንዲሱ ተመልሶ ሲመጣ ሥራው አለመጀመሩን ጠየቀ፤ ጸሐፊው ትንሽ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «ዘ ወርክ ሃዝ ኖት ስታርትድ» ሲሉ ሙሉውን መለሱለት፣ አዳራሹም ሳቀ። ያን ዕለት እኚያ አባት ከግድግዳው ሥር ተነሥተው ከመሐንዲሱ ጎን ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የሮቶው ንድፍ በመሐንዲሱ እጅ የተሣለ ሲሆን፣ ከመግቢያው ቧንቧ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ «ናይት ኦንሊ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር።